ካርቡሬተሩን ከመፍታታችሁ በፊት

(ጅማ ውስጥ ለጀልባ ባለቤቶች፣ ለዓሣ አስጋሪዎችና ለወጣት መካኒኮች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

የተከበራችሁ ከአሰንዳቦና ከደነባ በኩል ማልዳችሁ የመጣችሁ አስጋሪዎች፣ የጀልባ ባለቤቶች፣ ከየጋራዡ የተገኛችሁ ወጣቶች፣ እንደምን አደራችሁ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለተሰበሰባችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለማይነሣ ሞተር አይደለም። ጨርሶ የማይነሣ ሞተር ባለቤቱን ዳር ላይ ያስቀረዋል፤ ቢያናድደውም በሰላም ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ተነሥቶ በወጉ የማይሠራው ነው። ዳር ላይ ሚኒሞው፣ ማለትም ቤንዚን ሳይሰጡት በቀስታ የሚዞርበት፣ ደህና ነው፤ ሰውና መረብ ተጭኖ ውኃው መሐል ሲደርስ ግን ይደክማል፣ ይንተፋተፋል፣ ይጠፋል። ነፋስ ተነሥቶ፣ ጀልባው ጎኑን ለማዕበል ሰጥቶ፣ ውስጡ ዋና የማያውቁ ልጆች ተቀምጠው ሞተር ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ከእናንተ መካከል የምታውቁት አላችሁ። ስለዚህ በሚደክም ሞተር ላይ «ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ» የሚባል ነገር ባይኖር እወዳለሁ።

የግልገል ጊቤ ግድብ በ1996 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ዋና ዓላማው መብራት ነበር፤ 184 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተሠራ ነው። ውኃው ሲጠራቀም ግን ቆሮሶው ተራባበት፣ መረብ የሚጥል ሰው መጣ፣ ከመረቡ ኋላ ሞተር መጣ። የጅማ መካኒክ እጁ የተፈታው በመኪና፣ በባጃጅ፣ በወፍጮና በቡና መፈልፈያ ሞተር ላይ ነው። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ሞተር ሞተር ነው። ነገር ግን የጀልባ ሞተር ከውኃ ጋር የሚያገናኘው የራሱ ጠባይ አለው፤ እዚህ ከፍታ ላይ ሲሠራ ደግሞ ሌላ ጠባይ ይጨምራል። ዛሬ ስለ ሁለቱም እናገራለሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ አንድ ልማዳችን ልናገር። ሞተሩ ደከመ ሲባል እጃችን በቀጥታ የሚሄደው ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቀልበት ክፍል፣ ወደ ካርቡሬተር ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ካርቡሬተር ቅርብ ነው፣ ብሎኑ ጥቂት ነው፣ ሲታጠብ ደግሞ ለባለቤቱ የሚታይ ሥራ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ታጥበው ካየኋቸው ካርቡሬተሮች አብዛኞቹ ምንም በደል አልነበረባቸውም። ተፈትተው ግን ተበደሉ። ቤንዚኑን የሚሰፍረው የጄቱ ቀዳዳ ከ1 ሚሊ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ፣ ብዙ ጊዜም የሚያንስ ነው፤ የተሠራውም ከነሐስ ነው። በሽቦ ሲጎረጎር ይሰፋል፤ ከሰፋ በኋላ የሚመልሰው የለም። በመገጣጠሚያው መሐል የሚገባው ጓርኒሲዮን ይቀደዳል፣ የቤንዚኑን ከፍታ የሚጠብቀው የተንሳፋፊው ልክ ይዛባል፣ የሚኒሞ ብሎኗ ስንት ዙር ላይ እንደነበረች ሳይጻፍ ትወጣለች። በሽታው አንድ የነበረው ሞተር ሦስት በሽታ ይዞ ይመለሳል።

ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሣታችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። «ጋሼ፣ የሚደክመው መቼ ነው? ሲነሣ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? ባዶውን ነው ወይስ ሲጫን? ከመቼ ጀምሮ? ከዚያ በፊት ምን ተቀየረ?» ባለቤቱ መካኒክ ባይሆንም ሞተሩን በየቀኑ የሚሰማው እሱ ነው። ሚኒሞ ላይ እየጠፋ ቤንዚን ሲሰጡት የሚሮጥ ከሆነ ጣታችሁን ወደ ሚኒሞው ጄት ወይም ወደ አየር መግቢያ ቀስሩ፤ ያኔ ካርቡሬተሩ በእርግጥ ሊጠረጠር ይገባል። ሚኒሞው ጥሩ ሆኖ ሲጫን የሚሰምጥ ከሆነ ቤንዚን በበቂ እየደረሰው አይደለም፣ ወይም አንዱ ሲሊንደር አይሠራም፣ ወይም ፕሮፔለሩ ከብዶታል። በደንብ ሄዶ ከአሥር ደቂቃ በኋላ የሚሞት ከሆነ ከሁሉ አስቀድማችሁ የቤንዚን ታንኩን ክዳን እዩ። ሞተሩ እየጮኸ ጀልባው የማይሄድ ከሆነ ደግሞ ከሞተሩ ውረዱና ከውኃው በታች ያለውን ፈትሹ።

ክዳኑን ያነሣሁት በምክንያት ነው። የጀልባ ታንክ ክዳን ላይ የአየር ብሎን አለች። ለጉዞ ትዘጋለች፣ ውኃ ላይ ትከፈታለች። ተዘግታ ከተረሳች ሞተሩ ቤንዚኑን በጠባ ቁጥር ታንኩ ውስጥ አየር ያጥራል፤ ጥቂት ሄዶ ይታፈናል። ክዳኑን ስትፈቱ «ፍስስ» ብሎ አየር ከሳበ ምርመራው አልቋል። ለዚህች ብሎን ተብሎ ስንት ካርቡሬተር ወርዷል!

አሁን አንድ ሞተር በቅርበት ላሳያችሁ። ሁለት ሲሊንደር ያለው፣ ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀልለት ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ነው። ቅሬታው «ግማሽ መንገድ ላይ ይሰምጣል፣ ካረፈ በኋላ ይነሣል» የሚል ነበር። ካርቡሬተሩ በሌላ ሰው እጅ ታጥቧል፣ እሳት የሚሰጡት ካንዴላዎች ተቀይረዋል። የአየር ብሎኗ ክፍት ናት። ጀልባውን ዳር ላይ ካለ ግንድ ጋር ጠበቅ አድርገን አሰርነው፤ ከኋላው ሰው እንዳይኖር አደረግን፤ ማርሽ አስገብተን መካከለኛ ቤንዚን ሰጠነው። ይህን ልብ በሉ፤ ሳይጫን በባዶው እያጮሃችሁ የጭነት በሽታ ልታገኙ አትችሉም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ድምፁ ወረደ። በዚያች ቅጽበት በቱቦው መሐል ያለችውን በእጅ የምትጨመቀውን የጎማ ኳስ ደጋግሜ ጨመቅኋት። ሞተሩ ወዲያው ተነቃቃ። ስተዋት መልሶ ወረደ።

ይህ አንድ ፈተና ብዙ ነገር ነገረን። እሳቱ ደህና ነው፤ እሳት ቢሆን ኖሮ ኳስ በመጭመቅ አይድንም። ጄቶቹም ክፍት ናቸው፤ ቤንዚን ሲደርሳቸው ያሳልፋሉ። ችግሩ ከታንኩ እስከ ሞተሩ ቤንዚን ፖምፓ ባለው መንገድ ላይ ነው። ቀጥሎ ኳሷን በጣት ዳበስናት። ተጣብቃ ጠፍጣፋ ሆና ብናገኛት ኖሮ ከእሷ በፊት፣ ማለትም ታንኩ ውስጥ ባለው መሳቢያ ወይም በአየር ብሎኗ በኩል መዘጋት አለ ማለት ነበር። ድንጋይ ሆና ብትገኝ ደግሞ መዘጋቱ ከእሷ ወዲህ፣ በሞተሩ በኩል ነው። እሷ ግን ክብ ሆና ለስላሳ ነበረች፤ ብትጨመቅም አትጠነክርም። ይህ ብዙውን ጊዜ አየር እየገባ ነው ማለት ነው።

ታዲያ የትም ቦታ ቤንዚን አይንጠባጠብም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ቱቦውን እየጠባ ነው፤ በሚጠባ ቱቦ ላይ ትንሽ ክፍተት ሲኖር ቤንዚን አይወጣም፣ አየር ይገባል። ስለዚህ «አላፈሰሰም» ማለት «ደህና ነው» ማለት አይደለም። ውስጡ የሚታይ አጭር ቱቦ ከሞተሩ አጠገብ በመሐል አስገባንና አስነሣነው። አረፋው እንደ ዶቃ ተከታትሎ ሲያልፍ ሁላችንም አየነው። ከዚያ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ መፈተሽ ብቻ ነበር የቀረው። ቱቦው ሞተሩ ላይ የሚሰካበት ቦታ ውስጥ ያለችው ቀለበት ጎማ ደርቃ፣ ጠፍጣፋ ሆና ተገኘች። ከአንድ ምሳ ያነሰ ዋጋ ያላት ጎማ ናት። ተቀየረች፤ አረፋው ጠፋ፤ ሞተሩ ታስሮ ሳለ ያለምንም መዋዠቅ ጎተተ።

በዚህ ሥራ ውስጥ እንድትይዙልኝ የምፈልገው አንድ ደንብ አለ። አንድ ጊዜ የሚቀየረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ካንዴላውንም ቱቦውንም ቤንዚኑንም በአንድ ላይ ከቀየራችሁ ሞተሩ ቢድን እንኳ ምን እንዳዳነው አታውቁም፤ ሲመለስም ከዜሮ ትጀምራላችሁ። አቅም ካላችሁ ንጹሕ ቤንዚን ያለው ትርፍ ታንክ ከነቱቦው ለፈተና ብቻ አስቀምጡ። የተጠረጠረውን አውጥታችሁ እሱን ስትሰኩት ችግሩ ከታንክ ወዲያ ይሁን ወዲህ በአምስት ደቂቃ ይለያል።

ወደ ቤንዚኑ ራሱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ማደያ ወረፋ ሲበዛ በሃይላንድ ጠርሙስና በጀሪካን የሚሸጥ ቤንዚን መግዛት የተለመደ ነው። እኔ ገዢውን አልወቅስም፤ ሥራው እንዳይቆም ነው። ነገር ግን እንዲህ የተገዛ ቤንዚን ወደ ታንክ ከመግባቱ በፊት መመርመር አለበት። ውስጡ በሚታይ ንጹሕ ጠርሙስ ቅዱና ያለ ንቅናቄ አስቀምጡት። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ካለ ከታች ይተኛል፤ መስመሩ በዓይን ይታያል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ግን እንዲህ አይለይም፤ ሁለቱ ይዋሃዳሉና። ትንሽ ወረቀት ላይ አንጠባጥባችሁ ከእሳት ርቃችሁ በጥላ ተዉት፤ ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ይጠፋል፣ ጋዝ ያለበት ዘግይቶ ቅባት መሰል ነገር ይተዋል። ለወራት ታንክ ውስጥ የከረመ ቤንዚንም አትመኑ፤ ቀላሉ ክፍል ተንኖ ሙጫው ይቀራል፣ ሙጫው ደግሞ የሚተኛው ጄቱ ላይ ነው። ክረምቱን ሙሉ የቆመ ሞተር ካርቡሬተሩ በእውነት የሚታጠበው ለዚህ ነው። በሽቦ አይደለም፤ በማጠቢያ ፈሳሽና በነፋስ።

ስለ ዘይትም እንዲሁ። በቅልቅል የሚሠሩ አብዛኞቹ የዘመኑ የጀልባ ሞተሮች 50 እጅ ቤንዚን ለ1 እጅ ዘይት ይጠይቃሉ። ይህ ለአንድ ሊትር 20 ሚሊ ሊትር፣ ለ20 ሊትር ጀሪካን ደግሞ 400 ሚሊ ሊትር ነው። አዲስ ሞተር በመጀመሪያዎቹ የሥራ ሰዓታት የበለጠ ይጠይቃል፤ 100 ለ1 የሚሉም አሉ፤ ስለዚህ የራሳችሁን ማንዋል ተከተሉ። በክዳን አትስፈሩ፣ በትልቅ ሲሪንጅ ለኩ። «ዘይት ቢበዛ ለሞተሩ ይበጀዋል» የሚለው አነጋገር ትክክል አይደለም፤ ካንዴላውን ያጠቁረዋል፤ ከዚህም በላይ ዘይት ሲበዛ የቤንዚኑ ድርሻ ያንሳል። የዘይቱ ዓይነትም ለየቅል ነው። የባጃጅና የሞተር ሳይክል ዘይት በአየር ለሚቀዘቅዝ፣ በጣም ለሚሞቅ ሞተር የተሠራ ነው። የጀልባው በውኃ ስለሚቀዘቅዝ ቲ.ሲ.-ደብሊው 3 የሚል ምልክት ያለውን ዘይት ይፈልጋል። የባጃጁ ዘይት ለአንድ ቀን አይገድለውም፤ ዓመት ሙሉ ከሆነ ግን ፋሻው፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበት ላይ ዝቃጭ ያበጃል። አራት ምት ሞተር ያላችሁ ደግሞ ቤንዚን ውስጥ ምንም ዘይት አታድርጉ።

እሳቱን በአጭሩ ልለፈው፤ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር በአንዱ ብቻ ሲሠራ ሚኒሞ ላይ ይነሣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሲጫን ጉልበት የለውም። የትኛው እንደሞተ ለማወቅ የካንዴላውን ገመድ አንድ በአንድ ነጥሉ። ስትነጥሉት ድምፁ የማይለወጠው እሱ የማይሠራው ነው። የተነጠለውን ገመድ ግን በትርፍ ካንዴላ አድርጋችሁ ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኙት፤ እሳቱ መሄጃ ካጣ እሳቱን የሚያበረታውን ጥቅል ሽቦ፣ ቦቢናውን፣ ወይም እሳቱን የሚያዘውን ሲ.ዲ.አይ. የተባለውን ክፍል ሊያቃጥል ይችላል። ቀዝቅዞ በሁለቱም ሠርቶ፣ ሲሞቅ አንዱ የሚጠፋበት፣ ሲበርድ የሚመለስ ሞተር ካጋጠማችሁ ቦቢናውን ጠርጥሩ። ውስጡ የተሰነጠቀ ሽቦ በሙቀት ይለያያል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል። ቀዝቅዞ ሲለካ «ደህና ነው» የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ መለካት ያለበት ትኩሱን ነው። ካንዴላ ስትገዙም ማሸጊያውን ብቻ አትመኑ፤ የተመሳሰለው ገበያው ላይ አለ።

አሁን ወደ ከፍታው እንምጣ። ከጅማ እስከ ግልገል ጊቤ ድረስ ያለነው ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በ18 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው። ሞተሩ ግን የተለካውም፣ ጄቱ የተመረጠለትም፣ ፕሮፔለሩ የተሰጠውም ብዙውን ጊዜ ለዝቅተኛ ቦታ ነው። ከባሕር ጠለል ወደ ላይ ሲወጣ በየ300 ሜትሩ ወደ 3 በመቶ የሚሆን ጉልበት ይጠፋል ተብሎ በግርድፉ ይሰላል። በዚህ ስሌት ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ሞተራችን እዚህ የሚሰጠን 12 ተኩል ገደማ ነው። ምንም ሳይታመም!

ይህን ያላወቀ መካኒክ ሁለት ስሕተት ይሠራል። አንደኛው ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት፣ ሲለካ ነው። ማንዋሉ በግፊት መለኪያው 120 ፒ.ኤስ.አይ. ቢል እዚህ ደህናው ሞተር 98 ገደማ ያሳያል። «ፋሻው አልቋል» ተብሎ የሚከፈት ሞተር ይኖራል፤ ለባለቤቱ ከባድ ወጪ ነው፣ ያውም በከንቱ። እዚህ አገር ከቁጥሩ ይልቅ የሁለቱን ሲሊንደሮች ልዩነት አምናለሁ። ሁለቱንም ካንዴላ አውጥታችሁ፣ ገመዶቹን ከብረት ጋር አገናኝታችሁ፣ ቤንዚን መስጫውን ሙሉ ከፍታችሁ በእኩል አጎታተት ለኩ። በመካከላቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ በላይ ልዩነት ካለ ያን ጊዜ ስለ ፋሻና ስለ ጓርኒሲዮን እናውራ።

ሁለተኛው ቅልቅሉ ነው። አየሩ ሲሳሳ ጄቱ የሚያሳልፈው ቤንዚን በዚያው መጠን አይቀንስም፤ ስለዚህ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ካንዴላው ፈካ ያለ ቡናማ መሆን ሲገባው ጥላሸት ለብሶ ይወጣል፣ ጭሱ ይከብዳል፣ ሞተሩ መካከል ላይ ያጉረመርማል። ሰዎቻችን ይህን አይተው ካንዴላ ይቀያይራሉ። መድኃኒቱ ግን በቁጥር አነስ ያለ ዋና ጄት ነው፤ አምራቹ ለከፍታ የሚሰጠውን ቁጥር ጠይቃችሁ አስመጡ። እዚህም አየሩን የሚያጠበው ቾክ ይረዳችኋል፤ ሞተሩ ሲሰምጥ ቾኩን በጥቂቱ ሳቡት። ከተሻለው ቤንዚን አንሶታል፤ ከባሰበት በዝቶበታል፣ ወይም ነገሩ የቤንዚን አይደለም።

ከጄቱም በላይ ለውጥ የሚያመጣው ፕሮፔለሩ ነው። ብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች በሙሉ ቤንዚን ከ4,500 እስከ 5,500 ዙር በደቂቃ እንዲደርሱ የተሠሩ ናቸው። ጉልበቱ የቀነሰ ሞተር በዚያው ፕሮፔለር እዚያ አይደርስም፤ እየታገለ ይሠራል፣ ካርቦን ያጠራቅማል። የፕሮፔለሩን ፒች፣ ማለትም በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄድበትን ርቀት፣ በ1 ኢንች ስትቀንሱ ዙሩ በግምት ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። በካንዴላ ገመድ ላይ የሚጠመጠም ዙር መቁጠሪያ ርካሽ ነው፤ ለጭነት ጀልባ ያለሱ ፕሮፔለር አትምረጡ። የእኛ ጀልባዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ከላሜራ የተበየዱ ናቸው፣ ይከብዳሉ፤ ወለሉ ላይ የተኛ ውኃ ሲጨመር ይብስባቸዋል። ሞተሩን ከመክሰሳችሁ በፊት ውኃውን ቅዱ። ውኃው በሚቀንስበት ወቅት የሚወጡት ጉቶዎች ፕሮፔለር ያጎብጣሉ፣ ውስጠኛውን ጎማውንም ያላቅቁታል፤ ጎማው ከለቀቀ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባው ይቆማል። ብረቱና ጎማው ላይ በቀለም አንድ መስመር አስምሩ፤ ከሥራ በኋላ መስመሩ ከተለያየ ጎማው ተንሸራቷል።

ማቀዝቀዣውን ሳልጠቅስ አልወርድም። ክረምት የሚያመጣው ደለል የውኃ ፖምፓውን ጎማ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ከጎኑ የሚወጣው ውኃ ከሳሳ ወይም ከሞቀ ወዲያው አጥፉ። ቀዳዳው በጭቃ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ በቀጭን ሽቦ ከከፈታችሁት በኋላም ውኃው ካልበረታ ጎማውን ቀይሩ። ሞተርን ያለ ውኃ ለአንድ አፍታ እንኳ አታስነሡ፤ ፖምፓው ሲደርቅ የሚቆየው በሰኮንድ ነው።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱ ከአንድ ወጣት መካኒክ የመጣ ነው፤ እዚህ መልሱን ልጻፈው። «ጄቱን ለጊቤ አሳንሰን ሞተሩ ተስተካከለ። ባለቤቱ አሁን ለባሮ ወንዝ ሥራ ወደ ጋምቤላ ሊወስደው ነው፤ ችግር አለው?» አለ።

አለው፣ ትልቅ ችግር። ጋምቤላ ከተማ ያለችው ከባሕር ጠለል ከ500 ሜትር ጥቂት ከፍ ብሎ ነው፤ ከእኛ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። እዚያ አየሩ ወፍራም ነው፣ ትንሹ ጄት ግን ቤንዚኑን ለቀጭን አየር ነው የሚሰፍረው። ቤንዚን በጥቂቱ ያነሰው ሞተር ወዲያው አይንተፋተፍም፤ እንዲያውም ስል ሆኖ ይሮጣል፣ ባለቤቱም ይደሰታል። በቅልቅል በሚሠራ ሞተር ላይ ደግሞ ዘይቱ የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ነው፤ ቤንዚን ሲያንስ ዘይቱም ያንሳል። በሙሉ ጭነት ትንሽ ሲቆይ ፒስተኑ ይሞቃል፣ ይነክሳል። ስለዚህ የወጣውን ጄት አትጣሉ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉ፣ በትንሽ ላስቲክ ጠቅልላችሁ ከሞተሩ ሽፋን ውስጥ እሰሩት፣ ለባለቤቱም በቃል ንገሩት። ሞተሩ መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት የቀድሞው ጄትና የቀድሞው ፕሮፔለር ይመለሱ፤ ጋምቤላ ሲደርስም ከመጀመሪያው ሥራ በኋላ ካንዴላውን አውጥቶ ቀለሙን ይይ። ነጭ ከሆነ ያቁም።